ግድግዳው ለሁለት ቀን ይሸነፍ

ለዘላቂ ግንባታ ዕውቀት የውጭ ገበያ ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ዋና ኃላፊ ሆይ፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ እያልኩ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከውጭ አገር ጉዞ መልስ ያማቸዋል የተባለው ወገብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያለ ዕረፍት የሚደክመው ማኅተምዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከክቡርነትዎ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ፤ ናፍቆቱም ቢሆን ያን ያህል አልጎዳኝም።

ክቡርነትዎ ብዙ ሰው ስለሚያገኙ ምናልባት ረስተውኝ ይሆናል ብዬ ራሴን ላስታውስዎ። በጽሕፈት ቤትዎ መግቢያ ላይ በተሰቀለው ትልቅ ፎቶግራፍ ውስጥ፣ ነጭ ጓንት አጥልቃ ቢጫ ቆብ ደፍታ ግድግዳ የምትዳብሰው ሴት እኔ ነኝ። ጓንቱም ቆቡም የጽሕፈት ቤቱ ናቸው፤ የእኔ ግድግዳው ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአፈር ቤት ስሠራ ኖሬአለሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ አማቴ ናቸው፤ አፈሩን የምንጠቀጥቅበትን የጣውላ ሻጋታ የሚሠራልኝ ባሌ ነው፤ አናጢ ነው። የሰፈር ሰው እመት ጭቃ ይለኛል። በስድብ ተጀምሮ ማዕረግ ሆኖ የቀረ ስም ነው፤ በማዕረግ ተጀምሮ ስድብ ሆኖ የሚቀር እንዳለም ሰምቻለሁ።

በግልጽ መጻፌን ድፍረት እንዳያደርጉብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት አራት ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ አስገብቻለሁ፤ አራቱም መዝገብ ቤት ገብተው አልወጡም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላልና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ከፋፍዬ እንደሚከተለው እጮሃለሁ።

አንደኛ፣ ስላገኙኝ አመሰግናለሁ።

የዛሬ ዓመት ገደማ ከጽሕፈት ቤትዎ ሦስት መኪና ሙሉ ሰው መጥቶ እኛ የሠራነውን ትምህርት ቤት ጎበኘ። ስድስት ክፍል ነው። ግድግዳው ክንድ ከስንዝር ውፍረት አለው፤ ከዚያው ግቢ ከተቆፈረ አፈር የተሠራ፣ ቀትር ላይ ያለ ማራገቢያ የሚቀዘቅዝ፣ ማለዳ ያለ ማሞቂያ የሚሞቅ ነው። ጉብኝቱ ለሃያ ደቂቃ ተይዞ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ እንግዶቹ ከውጭው ሐሩር ገብተው ከተቀመጡ በኋላ የሚነሣ ጠፋ። እንዲያውም ሁለቱ አንቀላፉ። ሙያዬን ይህን ያህል ያከበረልኝ ሰው ኖሮ አያውቅም።

የዚያን ቀን ምክትል ኃላፊዎ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "እናቴ፣ እርስዎ እኮ ሀብት ነዎት! ይህን ዕውቀት ለዓለም ነው የምንልከው!" አሉኝ። እኔ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ምክትልዎ አርባ ስድስት ናቸው፤ በስምንት ዓመቴ ወልጃቸዋለሁ ማለት ነው። ለጋራ ጥቅም ስል ዝም አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው ተባልኩ። ሐሩር የበዛበት አንድ የውጭ አገር በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ሊሠራ አስቧል፤ በሲሚንቶና በቆርቆሮ ሞክሮ በሽተኛው ከበሽታው በፊት በሙቀቱ እየወደቀ ስላስቸገረው፣ አፈር የሚያውቁ ሰዎች ካሉ መጥተው ያሳዩኝ ብሎ ኤግዚቢሽን ጠርቷል፤ ጽሕፈት ቤቱ ይሄዳል፤ እኔም ሄጄ በሰው ፊት ግድግዳ እሠራለሁ። ደስታዬን ከየት አምጥቼ ልጻፈው! ባሌ ተጣጥፎ ሻንጣ የሚገባ ሻጋታ ሠራልኝ። ሦስት ዓይነት አፈር ነፍቼ በስድስት ከረጢት አዘጋጀሁ። የዚያን አገር ቋንቋም ሦስት ዐረፍተ ነገር አጠናሁ፦ አንዷ "ደህና ዋላችሁ" ናት፤ ሁለተኛዋ "ውሃው ይበቃል"፤ ሦስተኛዋ "ይህ ግድግዳ ይተነፍሳል"። ባሌ ጣውላ ሲልግ አጠገቡ ቆሜ እደጋግማቸዋለሁ፤ እሱ ሳይገባው "እሺ" ይለኛል። አማቴ ብቻ በሩ ላይ ተቀምጠው፣ "ጭቃ ተሸክሞ ባሕር የሚሻገር እንግዲህ አንቺን አየሁ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

በዚያው ወር የሰፈራችንን ጤና ጣቢያ ግድግዳ እንድንሠራ ተጠይቀን ነበርና ቀኑ ስለተጋጨ ተውነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ ለካ ዘመዴ ኖራለች። ጤና ጣቢያው በቆርቆሮ ተሠራ። ዛሬ ነርሶቹ የትኩሳት መለኪያውን ትተውታል አሉ፤ የገባው ሁሉ ትኩሳት አለበት፣ እነሱም ጭምር። ሥራ ስናጣ ደግሞ አብረውኝ ከሚሠሩት ስምንት ሰዎች አምስቱ ተበተኑ፤ አንዱ ዘበኛ ሆነ፣ ሁለቱ ቀለም ቀቢ፣ የቀሩትን ወሬያቸውንም አልሰማሁ። አፈር የሚያውቅ እጅ ሲበተን ከየትኛውም መጋዘን ተፈልጎ እንደማይገኝ ክቡርነትዎ ያጡታል ብዬ አልጠረጥርም።

ሁለተኛ፣ ስለ ስም ዝርዝሩ አመሰግናለሁ።

ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ "በቋንቋ ክህሎት ውስንነትና በመቀመጫ ጥበት ምክንያት" ከልዑኩ የወጣሁ መሆኔን የሚገልጽ ባለ ማኅተም ደብዳቤ ደረሰኝ። ጥበቱን ለመረዳት ያህል ዝርዝሩን ባነበው አሥራ አንድ ሰው አገኘሁበት፦ ክቡርነትዎ፣ ምክትልዎ፣ የፕሮቶኮል ኃላፊው፣ የፕሮቶኮል ኃላፊው ረዳት፣ ጉዞውን ያጸደቁ ሁለት ሰዎች፣ ጉዞውን የሚቆጣጠሩ ሁለት ሰዎች፣ አስተርጓሚ፣ ፎቶ አንሺ፣ በመጨረሻም "ባለሙያ" የሚል ማዕረግ የተሰጣቸው የባለቤትዎ ወንድም። እኒህ ሰው የሰርግ አዳራሽ ሲያስጌጡ አውቃቸዋለሁ። ሙያ አይናቅም፤ ግድግዳ ላይ ጨርቅ ማንጠልጠልም ግድግዳን ማወቅ ነው።

እኔ ብቀርም ዕቃዬ እንዲሄድ ተፈለገ። አፈሬንና የባሌን ሻጋታ የተረከቡኝ ሠራተኛ በደረሰኙ ላይ "አፈር፣ ስድስት ከረጢት፣ አገልግሎት የሰጠ" ብለው ጻፉልኝ። እውነታቸውን ነው፤ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ሲያገለግል የኖረ ነው። አሠራሩንም በአንድ ወረቀት ጻፊልን ተባልኩ። የእኔ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ስለሚመስል እኔ እየተናገርኩ ባሌ ጻፈው። ባሌ በሜትር ሲለካ አይሳሳትም፤ ፊደል ላይ ግን አልፎ አልፎ እጁ ይቀድመዋል።

ሰዎቹ ዕቃውን ጭነው ሲሄዱ ለጉዞ ያሰፋሁትን ቀሚስ አጥፌ ሳጥን ውስጥ መለስኩት። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ ምን እንደምሠራበት ሳላውቅ ጭቃ መርገጥ ጀመርኩ። ባሌ መጥቶ ትንሽ ቆሞ አየኝና፣ "ለምንድን ነው?" አለኝ። "ይቡካ ብዬ ነው" አልኩት። ሱሪውን ሰብስቦ ገባና አብሮኝ ረገጠ። ይህን የጻፍኩት ክቡርነትዎን ለማሳዘን አይደለም፤ ለመዝገቡ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ስልኩ አመሰግናለሁ።

ኤግዚቢሽኑ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የጎረቤት አጥር እየመረግኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ብከፍተው የምክትልዎ ፊት ከነላቡ ብቅ አለ። ከኋላቸው የሰው ጫጫታ ይሰማል።

"እናቴ፣ ደህና ነዎት? ቤተሰብ ደህና?"

"ደህና ነን።"

"ባለቤትዎስ? አማትዎስ?"

"ሁሉም ደህና ናቸው።"

"ውሃው ስንት ነው?"

ነገሩን ሲያስረዱኝ እንዲህ ሆነ። ልዑኩ አርባ ደቂቃ የሚፈጅ የፊልም ማብራሪያና አንድ ካርቶን በራሪ መጽሔት ይዞ ነበር የሄደው። ያገሩ ሰዎች ማብራሪያውን ጨዋ ሆነው ጨረሱት። ሲያልቅ የእነሱን ግንባታ የምትመራ አንዲት ረጅም ሴት በቦት ጫማዋ ወደ ፊት ወጥታ፣ አሸዋ የተነሰነሰበት ቦታና የውሃ ቧንቧ አሳየቻቸውና "በጣም ጥሩ ነው፤ አሁን ሥሩልን" አለቻቸው።

"ምን ያህል አፈር ላይ ነው ውሃ የጨመራችሁት?" አልኳቸው።

"እኔ እንጃ፤ ሁሉንም ደፋነው።"

"ስድስቱንም ከረጢት?"

"ስድስቱንም። ባለሙያው ነው ይደፋ ያለው።"

ክቡር ሆይ፣ የሚጠቀጠቅ አፈር እርጥበቱ ለአመል ያህል ነው፤ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ይዞ መቅረት አለበት። ስልኩን ወደ መሬት አዙረው ቢያሳዩኝ ያየሁት ሾርባ ነው። ሻጋታው ዳር ላይ ቆሟል፤ የፕሮቶኮል ኃላፊው ኮታቸውን ሰቅለውበታል።

ሳቄ መጣ፤ ግን አፈሩ የእኔ ነው፤ ሻጋታው የባሌ ነው፤ የሚዋረደውም የእኛ ሙያ ነው። አጥሩን ትቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና፣ "መጠቅጠቁ ይቅር፤ በእጅ የሚከመር ጭቃ እናድርገው። ጫማዎን ያውልቁ" አልኳቸው።

"ካልሲውንስ?"

"ካልሲውንም።"

ገቡበት። ጭቃው ጭድ ያስፈልገዋል፤ ካልሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭድ ከየት ይምጣ? "ወረቀት የለም?" አልኳቸው። ዞር ብለው ካርቶኑን አዩት። በራሪ መጽሔቱ፣ አሥራ ሁለት ገጽ፣ በቀለም የታተመ፣ ሽፋኑ ላይ እኔ ከነጓንቴ፣ ውስጡ የክቡርነትዎ መልእክት ያለበት ነው። "ቅደዱት" አልኩ። አሥራ አንዱ ሰው መጽሔት ሲቀድ በስልክ አየሁ፤ ይቅርታ፣ አሥር ነው፤ ክቡርነትዎ አስቸኳይ ስብሰባ ገብተው ነበር። መልእክትዎ ከጭቃው ጋር ተረግጦ ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ ያዘው። የጽሕፈት ቤቱ ኅትመት አንድ ነገር ሲያጠናክር ይህ የመጀመሪያው ነው ቢሉኝ አልጠራጠርም።

ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። መካከል ላይ ምክትልዎ እየረገጡ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ "እናቴ፣ እኔም እኮ ጭቃ ቤት ነው ያደግሁት። ከአባቴ ጋር ረግጫለሁ። ለሥራ ስወዳደር ያደግሁበትን ስጠየቅ የግንብ ቤት ነው እል ነበር" አሉኝ። እግራቸውን ሳይ ግን ቀድሞም ገብቶኝ ነበር። ተረከዝ ጭቃ ረግጦ አድጎ ከሆነ አይረሳም። በመጨረሻ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ትንሽ የተንጋደደ፣ ነገር ግን የቆመ ግድግዳ ሆነ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ረጅሟ ሴት ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ አየችኝና እጇን አወዛወዘች። እኔ ያጠናሁት ሦስቱም ዐረፍተ ነገር ጠፍቶብኝ ዝም ብዬ እጄን አወዛወዝኩ። ጭቃ ነበረበት።

ክቡርነትዎ ከስብሰባው ወጥተው ጣትዎን ግድግዳው ላይ አሳርፈው የተነሡትን ፎቶ በጋዜጣ አይቼዋለሁ። አምሮብዎታል።

አራተኛ። ይህ የአማቴ ነው፤ እንዳለ እንድጽፈው አዘውኛል።

በስልኩ ጊዜ ድምፄን ሰምተው ከቤት ወጥተው ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ምክትልዎን፣ "አንተ፣ እግርህን አንሣ! እስክስታ ነው እንዴ የያዝከው?" ያሉት እሳቸው ናቸው። "ያን ጨርቅ አንጠልጣይ ከጭቃው አስወጡልኝ" ያሉትም እሳቸው ናቸው። ስለ ልዑኩ በአጠቃላይ ያላቸው አስተያየት፣ "ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" የሚል ነው። እኔ የለሁበትም።

አምስተኛ፣ ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ።

ልዑኩ በድል ተመለሰ። ያ አገር ሃያ ሰዎች ለአንድ ዓመት መጥተው ያገሩን ግንበኞች እንዲያሠለጥኑለት ተስማማ። ምክትልዎ በክቡርነትዎ ፊርማ "ዋና አሠልጣኝ" ተባሉ። እኔም የግብዣ ደብዳቤ ደረሰኝ፦ ከሃያዎቹ አንዷ ለመሆን ከፈለግሁ "የአፈር ግድግዳ መሠረታዊ ዕውቀት፣ ለጀማሪዎች" የተባለውን የአምስት ቀን ሥልጠና ወስጄ ፈተና ማለፍ ይጠበቅብኛል። ባሌ "አትሄጂም!" አለ። አማቴ "ትሄዳለች፤ ምን እንደሚያወሩ ሰምታ ትንገረኝ" አሉ። ሄድኩ።

በሁለተኛው ቀን ምክትልዎ ሰሌዳው ላይ ያሳዩትን ጽሑፍ ሳይ ልቤ ዘለለ። የእኔ ቃል ነበር፤ ያ ባሌ የጻፈው ወረቀት፣ ከነሥርዓቱ፣ በትልቅ ፊደል፣ ከሥሩ የጽሕፈት ቤቱ ዓርማ ያለበት። ማን እንደጻፈው የሚል ነገር ግን አልነበረበትም። ባሌ "ግድግዳው ለሁለት ቀን ይሸፈን" ሊል "ግድግዳው ለሁለት ቀን ይሸነፍ" ብሎ ጽፎታል፤ ስሕተቱም እንዳለ በክብር ተቀምጦለታል።

አንድ ሠልጣኝ፣ ከእኔ ሰዎች ያልሆነ ሌላ ቀለም ቀቢ ነው፣ እጁን አውጥቶ "መሸነፍ ሲባል ምን ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ምክትልዎ ሰሌዳውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እንደገና ሰሌዳውን አዩ። በውጭ አገር ያን ግድግዳ አዳራሽ ውስጥ፣ ጥላ ላይ ነበር የሠሩት፤ በማግሥቱም ተሳፍረዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አያውቁም። "ግድግዳው… ለፀሐይ እጁን ይሰጣል ማለት ነው" አሉ። "እስኪሸነፍ ድረስ ፀሐይ ላይ ገልጦ መተው ነው።" ሃያ ሰው "ገልጦ መተው" ብሎ ጻፈ።

እኔ እጄን ባወጣ የፕሮቶኮል ኃላፊው "ጥያቄ በመጨረሻ ነው" አሉኝ። በመጨረሻ ደግሞ ሰዓቱ አልቋል።

እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልበል። ትኩስ ግድግዳ እርጥብ ጆንያ ካልለበሰ ቆዳው ቀድሞ ይደርቃል፤ ሆዱ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ የሚወድቅበትን ቀን እሱ ይመርጣል። እነዚህ ሃያ ሰዎች በዚህ ዕውቀት ባሕር ተሻግረው የሚሠሩት የበሽተኛ መኝታ ነው። ከግድግዳው ሥር ተኝቶ መነሣት የማይችል ሰው አለ። ያን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

በፈተናው ተራ ቁጥር አሥራ አራት "ግድግዳው እንደተሠራ ለሁለት ቀን ምን ይደረጋል?" ይላል፤ ሀ. ይሸነፋል፤ ለ. ይሸፈናል። "ለ" ብዬ አንድ ነጥብ ጣልኩ። ሌላው የጣልኩት ስለ ጽሕፈት ቤቱ በሚጠይቀው ክፍል ነው፤ "የጽሕፈት ቤታችን ራእይ ምንድን ነው?" ለሚለው "አላየሁትም" ብዬ መልሻለሁ። ማለፊያው ስድሳ አምስት ነው፤ እኔ ስድሳ አራት አመጣሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁትን ሥራ አታውቂም ተብዬ በማኅተም ተረጋገጠልኝ።

ስድስተኛ፣ ስለ ምርጫው ቀን።

ያለፉት ሃያዎቹ በጽሕፈት ቤቱ ጓሮ እያንዳንዳቸው እስከ ወገብ የሚደርስ ግድግዳ ሠርተው በመመሪያው መሠረት ለሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ገልጠው ተዉት። ረጅሟ ሴት መጥታ አይታ ምርጫውን ታጸድቃለች ተባለ። እኔ እንዳልገባ ታዝዞ ነበር፤ የግቢው ጥበቃ ግን የሠፈሬ ሰው ነው፤ "እኔ አላየሁሽም፤ ከውሃ ማጠራቀሚያው ኋላ ቦታ አለ" አለኝ። አንዲት ትንሽ ግድግዳ ሠርቼ ጆንያ አለበስኳት። ማንም እንዲያይልኝ አልነበረም፤ ልቤ እምቢ ብሎኝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክቡርነትዎ፣ ምክትልዎና እንግዳዋ በአስተርጓሚ እየታጀባችሁ ጓሮ ስትገቡ እኔ ከጥበቃው ጋር ዳር ላይ ቆሜ ነበር። ከሃያው ግድግዳ ያልተሰነጠቀ አልነበረም። እንግዳዋ በመካከላቸው አለፈች፤ የቀለም ቀቢው ግድግዳ ጋ ስትደርስ በአንድ ጣቷ ነካ አደረገችው። ዷ! ለእንግዳ የታሸገ ውሃ በተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ተመስገን፣ ሰው አልተነካም። ክቡርነትዎ "ግድግዳው በመመሪያችን መሠረት ተሸንፏል ብለህ ንገራት" ሲሉ አስተርጓሚው ሰማይ ሰማይ ያየውን አልረሳውም።

እንግዳዋ ልብሷን አራግፋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ "በስልክ የነበረችው ሴትዮ የት ናት?"

ክቡርነትዎ አስተርጓሚውን አዩ፤ አስተርጓሚው ጫማውን አየ። በዚህ ጊዜ ምክትልዎ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ጮክ ብለው፣ "ያቻትና! እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሰሌዳው ላይ ያለው ቃል የእሷ ነው። በፈተናው የጣልኳትም እኔ ነኝ" አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ክቡርነትዎ እጅጌያቸውን ቢጎትቱም ቃሉ አልተመለሰም።

ወደ ማጠራቀሚያው ወስጄ ጆንያውን ገለጥኩላት። እንግዳዋ ዙሪያውን ዞረች፤ በጥፍሯ ጫረችው፤ ከዚያ ከነቦት ጫማዋ ወጥታ ቆመችበት። አልነቃነቀም። ወርዳ ጉንጯን አስጠግታ ቅዝቃዜውን ስትሞክር፣ ያ የጠፋኝ ዐረፍተ ነገር ድንገት ወደ አፌ መጣ። "ይህ ግድግዳ ይተነፍሳል" አልኳት በቋንቋዋ። እሷም ጉንጯን ሳታነሣ አንድ ነገር መለሰችልኝ። ምን እንዳለች አስተርጓሚውን አልጠየቅሁም።

ሰባተኛ፣ ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ክቡርነትዎ በጋዜጣ በኩል ብቻ እንዳያውቁት።

ስምምነቱ እንደገና ተጻፈ፤ ሃያዎቹን የምመርጠውም የማስተምረውም እኔ እንድሆን እንግዳዋ አስገባችበት፤ ክቡርነትዎም ፈገግ ብለው ፈረሙ። ሦስት ወር ሙሉ በጓሯችን ስናቦካ፣ ስንጠቀጥቅ፣ ስናፈርስና እንደገና ስንሠራ ከረምን። ከተበተኑት አምስት ሰዎች ሦስቱ ተመለሱልኝ፤ ዘበኛው ከነመለዮው መጣ። ያ ቀለም ቀቢ አሁን ከሁሉም ይልቅ ጆንያ የማይረሳ ሆኗል። አማቴ እዚሁ ሆነው በስልክ ሊቆጣጠሩን ተስማምተዋል፤ "እኔ ካልሰደብኳቸው ማን ይሰድባቸዋል?" ይላሉ።

ምክትልዎ "ያልተፈቀደ መረጃ ለውጭ አካል በመስጠት" ተከስሰው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንደተዛወሩ፣ ከዚያም በገዛ ፈቃዳቸው እንደለቀቁ ክቡርነትዎ ያውቃሉ። የማያውቁት፣ በማግሥቱ ጠዋት ጓሯችን መጥተው በር ላይ መቆማቸውን ነው። ባሌ ከጣውላው ቀና ብሎ አያቸው። አማቴ ግን፣ "ምን ትገተራለህ? ጫማህን አውልቅና ግባ" አሉት። ከዚህ ወዲያ አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ እሱ ራሱ ነው የለመነኝ። እናቴ ማለቱንም ትቶ እቴ ይለኛል፤ ለዕድሜያችን ይሄ ይሻላል። እግሩ ጥሩ ነው፤ ልቡም ቀስ በቀስ እየቦካ ነው። በመጪው ማክሰኞ ከሃያዎቹ ጋር እንሄዳለን፤ እሱም ሃያ አንደኛ ሆኖ አብሮን ይሄዳል። ሥራው መርገጥ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ከተቋቋመ ወዲህ ለውጭ ገበያ ካቀረበው ሁሉ አንደኛ ደረጃ የወጣለት ዕቃ እሱ መሆኑን ስመሰክር ደስታ ይሰማኛል።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኛ ወርቅ አይደለንም፤ አፈር ነን። አፈር ደግሞ ከመናቅ ብዛት አይጎድልም። ስለዚህ ቂም የለኝም፤ ቂም የሚይዝ ሰው ጭቃው ይደርቅበታል። የምለምንዎ ነገር ቢኖር ከእኛ ጀርባ ለሚቀሩት ነው፤ ነርሶቹ ቆርቆሮ ሥር እየተቀቀሉ ነውና፣ ባሕር ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ሲቀዘቅዝ ማዶ ያልሆነውንም አንድ ቀን ሄደው ይጎብኙላቸው። ለሃያ ደቂቃ ብቻ። ያንቀላፋ ሰው ካለ ያን ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በጓንት ላስከበሩኝ፣ በማኅተም ለጣሉኝ፣ በፊርማም ላነሡኝ ለክቡርነትዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት፣ ወሰኑን ሳላልፍ፣ ሁለት እግሬን ጭቃ ውስጥ አድርጌ እገልጻለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ አመስጋኝና የመሠረታዊ ሥልጠና ወዳቂ፣
እመት ጭቃ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ በመጣሁ ጊዜ ጸሐፊዎ ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነግራኝ ቢሮዎ ውስጥ አስቀመጠችኝ፤ ብዙ ስለቆየሁ ግድግዳዎን ለማየት ጊዜ አገኘሁ። ከወንበርዎ በላይ፣ ከሜዳልያው ክፈፍ ኋላ፣ ውሃ ሰርጎ ልስኑን ከግንቡ አላቆታል፤ በእጄ ሳንኳኳው ባዶ ቆርቆሮ ሆኖ ጮኸ። ከላይ ያለው የቧንቧ መጋጠሚያ ነው የሚያንጠባጥበው። ቧንቧውን ያሳስሩ፤ የላላውን ልስን ያስነሡ፤ የውሃ መውጫ የሚዘጋውን ዘይት ቀለም አይድገሙበት። ምክሩ በነጻ ነው፤ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ስላልሆነ እዚሁ ቢጠቀሙበት አይከፋም። እስኪጠገን ድረስ ግን ወንበርዎን ወደ በሩ ጠጋ አድርገው ይቀመጡ፤ ልስን ሲወድቅ ማዕረግ አይለይም።